ወደ እማማ የሻረግ ግቢ ያጋደለው ቅርንጫፍ

ባለፈው ጥር ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ ዳባት ላይ አንዲት ሴት አዲስ የተቆረጠ ጭራሮ በገመድ ጠፍራ ተሸክማ ወደ ሚኒባሱ ገባች። ረዳቱ «እናቴ፣ ይሄ ላይ ይጫናል እንጂ ውስጥ አይገባም» ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ እሷ ግን የሰማችውም አትመስል፣ እስሩን እኔ እግር ሥር ሸጎጠችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። አልተቀየምኳትም፤ የዳባት ሴት ከረዳት ጋር ተከራክራ ስትሸነፍ አይቼ አላውቅም። መኪናው ተነሥቶ መስኮቱ ሲዘጋ ግን ከእግሬ ሥር አንድ ሽታ ተነሣ፤ መራራም ጣፋጭም የሆነ፣ ኮክ በልተን ስንጨርስ ዘሩን በድንጋይ ሰብረን ውስጡን ስናሸት የሚመጣው ዓይነት። ጎንበስ ብዬ አንዱን ቀንበጥ በጥፍሬ ቆነጠርኩት፤ ልጡ ቀላ ያለ፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። የኮክ እንጨት ነው። ይኸው ልጆች ድሬ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ የደነገጥኩት ድንጋጤ ከሽታው ጋር አብሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ ነው። አባቴ ሰይድ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ቤታችንም ከሱቁ ብዙ አይርቅም፣ ፊቱ ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ አንድ ሰፊ ግቢ የሆነ የጭቃ ቤት ነው። በግቢው ሦስት የኮክ ዛፎች ነበሩን፤ አንድ ፕሪምም ነበረ፣ ግን ስሙን ለመጠበቅ ያህል በዓመት አራት አምስት ፍሬ ጥሎ የሚገላገል ሰነፍ ስለነበር ከቁጥር አላስገባውም። የደባርቅን የበጋ ብርድ ያልቀመሰ ሰው ዛፍ እንዴት እንደሚተኛ አያውቅም። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጥቶ ይገኛል፣ በባልዲ ያደረ ውሃ ስስ በረዶ ይይዛል፣ ኮኮቹም ቅጠላቸውን አራግፈው አጥንታቸው ብቻ ይቀራል። ጥር ገብቶ እንቡጡ ሳይፈነዳ፣ አባባ ሱቁን ግማሽ ቀን ይዘጋና ዛፎቹን ይከረክማል።

ለዚያ ቀን ብቻ የሚለብሰው አንድ አሮጌ ካፖርት ነበረው። እሱን ደርቦ፣ መጋዙን በዘይት ወልውሎ መሰላሉ ላይ ሲወጣ የሱቁ ሰይድ ይቀርና ሌላ ሰው ይሆናል፤ ጨርቅ ሲለካ የሚቸኩለው ሰውዬ አንዲት ቀንበጥ ለመቁረጥ ዛፉን ሁለት ሦስቴ ይዞራል። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ከዚያ ፍሬ ሳይዝ ሽቅብ የሚሮጠውን ያነሣል፤ ቁስሉንም በአመድና በእበት ይለስነዋል። እኔ ጭራሮውን እየለቀምኩ እከምራለሁ፤ እጄ በብርዱ ደንዝዞ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ያ መራራ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ አብሮኝ ይውላል። ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ያንን ቀን እወደው ነበር፤ ከዒድ ቀጥሎ ልበል፣ ለዒድ አዲስ ቀሚስ አለና።

አጥሩ ጥግ ያለው ትልቁ ኮክ ግን በአባባ ፈቃድ ብቻ የሚቆረጥ አልነበረም። ከግንዱ መሐል የወጣ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ወደ እማማ የሻረግ ግቢ አጋድሎ ነበር። እማማ የሻረግ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንዲት ልጃቸው ከስመኝ ጋር የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ሦስት ግቢ የሚሻገር ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ፣ ድግስ ያለበትም ሁሉ መጥቶ ይለምናቸዋል። በእኛ ሰፈር ወደ ጎረቤት ያጋደለ ቅርንጫፍ የጎረቤት ነው፤ ፍሬውን እነሱ ይለቅማሉ፣ ጥላው ሥር እነሱ ይቀመጣሉ፣ ባለዛፉ መቁረጥ ከፈለገ ጠርቶ ይጠይቃል። ስለዚህ በየዓመቱ አባባ መሰላሉ ላይ ሆኖ «እትዬ የሻረግ፣ መጋዝ ይዣለሁ» ብሎ ይጣራል፤ እሳቸውም ረጅም ዱላቸውን ይዘው ከወዲያ ማዶ ብቅ ይሉና እየጠቆሙ ይፈርዳሉ። «እሷ ትቅር። ያችኛዋን አንሣት፣ ጌሾዬን ጥላ አበዛችበት። ቀስ በል እንጂ ሰይድ፣ አቡጀዲ መሰለህ እንዴ።» አባባ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ከቆረጠውም ጭራሮ ግማሹን በአጥሩ ላይ ያቀብላቸዋል። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ሳይጠሩ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለልጅ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ እህቴ ዘይነባ ልትዳር ሆነ። ሠርጉ ጥር መጨረሻ ላይ የተቆረጠው ታስቦበት ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሥጋ አይበሉልንም። ጾም ባይሆንስ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ስለዚህ በእኛ አገር ሙስሊም ሲድር ሁለት ድግስ ይደገሳል፣ የሙስሊሙ በራሱ ቤት፣ የክርስቲያኑ ደግሞ በአንድ በሚያምኑት ክርስቲያን ጎረቤት ቤት። የእኛ ጎረቤት እማማ የሻረግ ነበሩ፣ ሌላ ማን ሊሆን። አባባ አንድ ቀይ ወይፈን ገዝቶ አስቀድሞ እሳቸው ግቢ አሰረው፤ እዚያ በክርስቲያን እጅ ታርዶ፣ እዚያው ተሠርቶ፣ የሰፈሩ ክርስቲያን እዚያው ሊጋበዝ ነው። እሳቸውም ጌሾውን ወቅጠው፣ ብቅሉን አስጥተው፣ የሚያግዟቸውን ሴቶች በየሥራው መድበው ነበር። የሰፈራችን እኩሌታ ክርስቲያን ስለሆነ፣ እማማ የሻረግ ባይኖሩ እኩሌታው ሰው ከሠርጋችን ሳይቀምስ ይመለሳል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለአንድ የነጋዴ ቤት ከሞት አይተናነስም፣ ለሙሽራዋም ዕድሜ ልክ የሚነሣ ነውር ነው።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን አንድ ወጣት የግብርና መምህር ከሌላ አገር መጥቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ ዛፍ ስሎ፣ የፍሬ ዛፍ መሐሉ እንደ ጽዋ መከፈት እንዳለበት፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከባድ ቅርንጫፍ የዛፉን ጉልበት እንደሚጨርስ፣ እሱንም ሳይራሩ ከሥሩ ማንሣት እንደሚገባ አስተማረን። እኔ ሥዕሉን ደብተሬ ላይ ገልብጬ፣ የሚቆረጠውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ፤ መምህሩም ደብተሬን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና «አንደኛ» አለኝ። ጉድ የሠራችኝ ያቺ «አንደኛ» ናት። አባባ ለሠርጉ ማር ሊገዛ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ አዲ አርቃይ ሄዷል፣ ዛፎቹ ሳይከረከሙ ጥር ሊያልቅ ነው፣ ግቢያችን ደግሞ ዳስ ሊጣልበት ነው። ሁሉን አሰማምሬ ብጠብቀው አባባ ምን ይል ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ እናቴና ሊያግዙን የመጡ ሴቶች ውስጥ እህል ሲለቅሙ፣ እማማ የሻረግም ገበያ ወጥተው ሳለ፣ የአባባን ካፖርት ደረብኩና መሰላሉን አቆምኩ። እጅጌው ጉልበቴ ድረስ ይደርስ ነበር። ሁለቱን ትንንሽ ዛፎች እንደ ደንቡ አጠናቅቄ ትልቁ ጋ ስደርስ ደብተሬን ከፍቼ አየሁ፤ ያ ወደ ማዶ ያጋደለው ቅርንጫፍ፣ በቀይ ያሰመርኩት ቁርጥ እሱ ነው። ረጅም ሰዓት ገዘገዝኩት። ክንዴ ዛለ፣ መዳፌ ተላጠ፣ በመጨረሻ ቅርንጫፉ ጓ ብሎ ተገነጠለና ወዲያ ማዶ ወደቀ፤ የወደቀውም እማማ የሻረግ ለሠርጋችን ጠላ ባሰጡት ብቅል ላይ ነው። ብቅሉን ኋላ ሄጄ እሰበስበዋለሁ ብዬ መጀመሪያ የዛፉን ቁስል ለመለሰን ወረድኩ። ዛፉ በእውነትም እንደ ጽዋ ተከፍቶ ነበር፤ እየዞርኩ አየሁት፣ በሥራዬ ኮራሁ።

እጄን ስታጠብ የግቢያችን በር ሳይንኳኳ ተከፈተና እማማ የሻረግ ከገበያ መልስ ቀዩን ወይፈን በገመድ እየጎተቱ ገቡ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔን መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ወይፈኑ አይደለም፣ ዝምታቸው ነው፤ ዝም ማለት የሚችሉ ሴት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ወይፈኑን ከኮኩ ግንድ ጋር አሰሩት፣ የቆረጥኩትን ቦታ ቀና ብለው አዩት፣ ነጠላቸውን አጣፉ። እናቴ ከድጃ እጇ ዱቄት እንደሆነ ከቤት ብቅ አለች። «ከብታችሁን ተረከቡ» አሏት። «ሰይድ የልቡን በእንጨት ነግሮኛል፤ ሰምቻለሁ።» ይህን ብለው ወጡ። እናቴ ወይፈኑን አየች፣ ዛፉን አየች፣ በመጨረሻ ካፖርት ለብሼ የቆምኩትን እኔን አየች፤ ከዚያ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ያልደነገጠው ወይፈኑ ብቻ ነው፤ የከመርኩትን ጭራሮ እየመረጠ ይቅም ጀመር።

ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እንደዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ ቀስ ብላ። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ከእንግዲህ እሳት አልጫጫርም፣ ደስታህ ደስታዬ አይደለም፣ ለቅሶህም አልቆምም ሲል በአፉ አይናገረውም፤ አጥር የተሻገረውን ቅርንጫፍ ሳይጠራ ይቆርጠዋል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ያውቃል። አባቴ አዲ አርቃይ ማር እየቀመሰ፣ እኔ በእሱ ካፖርትና በእሱ መጋዝ፣ ሠርግ በደረሰበት ሰሞን፣ ከእማማ የሻረግ ጋር ያለውን ጉርብትና ቆርጬለት ነበር። ይኸውም አንደኛ ስለወጣሁ ነው።

እናቴ ያኔውኑ ሄደች፤ በሩ አልተከፈተላትም። ወደ ማታ ስመኝ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝና «እማዬ እኮ ልጅ ያለ አባቷ ቃል መጋዝ አታነሣም ብላለች» አለችኝ፤ እኩያዬና ጓደኛዬ ነበረችና እያለቀሰች ሮጠች። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፤ ሊያግዙ የተመደቡት ሴቶች ሁሉ እንስራቸውን ከእማማ የሻረግ ግቢ ወደየቤታቸው ተሸከሙ። ሠርጉ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ዘይነባ አልሰደበችኝም፣ አልመታችኝም፤ ሂና ልትቀባ የነበረውን እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ብትመታኝ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

አባባ ማክሰኞ ከጭነት መኪና ወረደ። እናቴ በር ላይ ተቀብላ ሁሉንም ነገረችው፤ እኔ ከፕሪሙ ጀርባ ቆሜ ዱላዬን እጠብቃለሁ። መጥቶ ዛፉን ረጅም ጊዜ አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ጠርተሽ ነበር?» አልጠራሁም አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። አባባን ከስሮም ታሞም አይቼዋለሁ፤ ሲደነግጥ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። «ደብተርሽን ያዢ» አለኝና ወጣ፤ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ከየቤታቸው ለምኖ አምጥቶ፣ እኔን መሐል አድርጎ፣ እማማ የሻረግ በር ላይ ቆምን። ቄሱ ድምፃቸውን ሲያሰሙ በሩ ተከፈተ።

አባባ ጎንበስ ብሎ «እትዬ የሻረግ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጄን ማንበብ አስተማርኩ፣ አጥር አላስተማርኳትም» አለ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ማን አዘዘሽ?» አሉኝ። እንባዬ እየቀደመኝ ደብተሩን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። ፊደል አያውቁም፤ ሥዕሉን ግን አዩት፣ በወፍራም ጣታቸው ቀዩን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። «ይህን ያስተማራችሁ ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጎረቤት የለውም እንዴ?» መጀመሪያ የሳቁት ሼሁ ናቸው። ቀጥለው ቄሱ፤ አባባ ግን ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረውም፣ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሽማግሌዎቹ ካሳ እንዲቆርጡ ሲጠይቋቸው እማማ የሻረግ ብዙ አላሰቡም። «ቅርንጫፉን እንግዲህ አትቀጥሉትም» አሉ። «እሱ ወደ እኔ መምጣቱ ከቀረ፣ እኔ ወደ እሱ እመጣለሁ። ሰይድ፣ አጥሩን ክፈተው።» ቄሱ ለጨዋታ ያህል «ኧረ ይተዉ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ቢሏቸው «ጅቡም ከመጣ የሁለታችን ነው» ብለው መለሱ። አባባ በማግሥቱ ጠዋት፣ ውርጩ ሳይነሣ፣ ከትልቁ ኮክ ሥር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ያህል አጥሩን ከፈተ፤ እማማ የሻረግም በዚያ ገብተው ወይፈኑን ፈቱና «ና አንተ፣ ስትንከራተት ከሳህ» እያሉ ወደ ግቢያቸው ነዱት። ድምፃቸው ተመልሶ ሦስት ግቢ ሲሻገር እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ የዘይነባ ሠርግ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ካየሁት ሠርግ ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። በዚያ ክፍተት የወዲህ ሰው ወዲያ፣ የወዲያው ወዲህ ሲመላለስ ዋለ፤ ክርስቲያኑ እዚያ በልቶ እዚህ ይዘፍናል፣ ሙስሊሙ እዚህ በልቶ እዚያ ያጨበጭባል፣ እማማ የሻረግ ደግሞ ለእኛ የማር ብርዙን ሲያሳድሉ፣ ለእነሱ ጠላውን ሲያስቀዱ፣ በሁለቱም ድግስ ላይ አዛዥ ነበሩ። አጥሩ ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። ኮክ ሲደርስ ሰፌዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ያሻቸውን ይለቅማሉ፣ የእኔን አከራከምም እየተቹ ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም አባባ ከዚያ በኋላ መጋዙን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር፣ ጠሪዋም እኔ ሆንኩ። እናቴ ስትታመም ሾርባ በዚያ ገባ። እማማ የሻረግ ሲሞቱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በዚያ አለፈች፤ አባባ ሲሞት ስመኝ በዚያ መጥታ ሦስቱን ቀን እኛው ጋ ከረመች። ትልቁ ኮክም አርጅቶ ደረቀ። እኔ ጎንደር አግብቼ ጨርቅ ነጋዴ ሆንኩ፤ ቤቱ ለታናሽ ወንድሜ ለጀማል ቀረ።

እንግዲህ ባለፈው ጥር ከብዙ ጊዜ በኋላ ደባርቅ ደርሼ ግቢ ስገባ፣ በዚያ ክፍተት ቦታ ላይ የቆመው የብሎኬት ግንብ ነው። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ከቁመቴ በላይ፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ የተሰካበት። ጀማልን ምን አደረግክ ብዬ ልጮኽበት ስል ተገርሞ አየኝ። «አንቺ ራስሽ ደግ አደረግህ ብለሽኝ የለም እንዴ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደውሎ ነበር፤ ሌባ በዝቷል፣ ጊዜውም ጥሩ አይደለም፣ ግንብ ልሠራ ነው ሲለኝ፣ እኔ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ «ደግ አደረግህ» ብዬው ዘጋሁ። የትኛውን አጥር እንደሆነ አልጠየቅኩም። አንዲት ደቂቃም አላሰብኩበትም። «ለነስመኝ ነግረሃቸዋል?» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ።

ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ። በመንገድ ዞሬ፣ የምለውን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እያጠናሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ልጀምር፣ እግሯ ላይም ከወደቅኩ ልውደቅ ብዬ የስመኝን የብረት በር አንኳኳሁ። አቅፋ ሳመችኝ፣ ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ፣ ሶፋ ላይ አስቀምጣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። እኔ አላስችል ብሎኝ ጀመርኩ፤ ያን ግንብ ሳንነግራችሁ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ አልኳት። «የቱን ግንብ?» አለች። ስነግራት ፊቷ በራ። «እሱንማ እንኳን ሠራችሁት! እኛም ልንሠራ ስናስብ ጀማል ቀድሞ ገላገለን።»

ቅኔ ይሆን ብዬ ፊቷን መረመርኩ፤ የእናቷ ልጅ ናት፣ ቀን ጠብቃ የምትወጋኝ ነገር ይኖር ይሆናል አልኩ። ምንም የለም። የምትለው ሁሉ ከልቧ ነው። እናትሽኮ ለአንድ ቅርንጫፍ የሠርግ ወይፈን መልሰው ነበር ብላት ሳቀች፤ «እማዬ ነገር ታከር ነበር፣ ነፍሷን ይማርና» አለችኝና ጎንደር ጨርቅ ተወደደ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተወዷል አልኳት። እዚያች ሶፋ ላይ እጄን ጉልበቴ ላይ ጥዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም፤ ያኔ አንዲት ልጅ አንድ ቅርንጫፍ ብትቆርጥ ሰፈር ሙሉ እንስራውን ተሸክሞ ወጣ፣ ሼህና ቄስ ተለመኑ፣ አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አሁን ግን ሁለት ቤት ከነሙታኖቹ ተለያይቶ አንድ ሰው እንኳ አልተቀየመም። ምነው ስመኝ እንደ እናቷ በሩን ዘግታብኝ በዋለች፤ ሽማግሌ እልክ ነበር።